ዳለቻዋ ላምና ሁለቱ ስንጥቅ

ትርሲት ለአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝገብ ፕሮግራም የምትሠራ ጀማሪ ባለሙያ ናት። አንድ ጠዋት ሥራ የሚያስተምሯትን ጋሽ ደበሽን፣ «አንድ ተማሪ ከሰባተኛ ሀ ወደ ሰባተኛ ለ ላዛውር ብዬ ሃምሳ ሁለቱም ተዛወሩብኝ! ፕሮግራሙ ስህተት አለ እንኳ አላለኝም፤ ‹ተመዝግቧል› ብሎ ዝም። ምን አጥፍቼ ነው ጋሼ?» ስትል ጠየቀቻቸው። እሳቸው ኮዱን አዩና ፈገግ አሉ። ከዚያም ወንበር ስበው ይህን ነገሯት።

አንድ ባለከብት ሰው ነበረ። በአገሩ በጋ ሲገባ የሁሉም ከብት ተቀላቅሎ ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳል፤ ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። በሚመለስበት ዕለት አንድ ሽማግሌ ዳኛ መንገድ ላይ ቆመው ምልክቱን እያዩ ይለያሉ፤ እረኞችም ወደየባለቤቱ በረት ይነዱታል። የሰውየው ምልክት በቀኝ ጆሮ ላይ ሁለት ስንጥቅ ነበር። ባሏ የሞተባት እህቱም አራት ላሞቿን በእሱ ምልክት ስር ታሰማራ ነበር።

ይህ ሰው ወንዝ ማዶ የዳራት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። የመጀመሪያ ልጇን ማርገዟን ሲሰማ ደስታው ወሰን አጣ። «የልጅ ልጄ የሚጠጣው ወተት ከእኔ ነው!» ብሎ ዳለቻዋን ላም ሊሰጣት ቆረጠ። ዳለቻዋ እናቷ ሞታባት በገዛ እጁ ወተት እያጠጣ ያሳደጋት ናት።

እንግዲህ በአገሩ ደንብ ከብት ባለቤት ሲለውጥ የአዲሱ ባለቤት ምልክት በጋለ ብረት ትከሻው ላይ ይደረጋል፤ ዳኛውም ከጆሮው ይልቅ የትከሻውን ያያሉ። የሴት ልጁ ቤት ምልክት ሦስት ነጥብ ነበር። ሰውየው ብረቱን አግሎ ወደ ላሟ ቀረበ። እሷ ግን እጁን ላሰችው። አልቻለም። ብረቱን ጥሎ ዳኛው ዘንድ ሄደ።

«አባቴ፣ ሁለት ስንጥቅ ከዛሬ ጀምሮ የልጄ ነው ብለው ይንገሩልኝ» አላቸው።

«ምልክቱን ነው ላሟን?» አሉት ዳኛው።

«ያው አይደለም እንዴ? ላሟ ጆሮ ላይ ያለው እኮ ሁለት ስንጥቅ ነው!»

«እንግዲህ አንተ ካልክ» አሉና በሕዝብ ፊት አስነገሩለት። ሰውየው ላሜን ሳላሳምም ልጄን አስደሰትኩ እያለ ቤቱ ገባ።

በጋው ገብቶ ከብቱ ሁሉ ወደ ሩቅ ግጦሽ ሄደ፤ ከዚያም ዝናቡ ጣለ። ልጁም በሰላም ተገላገለች። ከብቱ በሚመለስበት ዕለት ሰውየው በረቱን ጠርጎ፣ በሩን ከፍቶ ጠበቀ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ አዘቀዘቀች። አንድ ጥጃ እንኳ አልመጣም። በስተመጨረሻ የመጣችው እህቱ ናት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ እየሮጠች።

«አንተ ወንድሜ! ላሞቼን ለማን ነው የሰጠህብኝ?»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። እህቱን አስከትሎ ወንዙን እንዴት እንደተሻገረ አያውቅም። ማዶ ሲደርስ ሦስት ከብት የማይዘው ግቢ በስልሳ አንድ ከብት ተጨናንቋል። አጥሩ ወድቋል። አንድ በሬ የጎጆውን ክዳን እየመዘዘ ያመነዥካል። አራሷ ልጁ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆማ፣ ከሣቋ ብዛት መናገር አቅቷት እንባዋን ትጠርጋለች።

የባሏ አባት ግን አልሣቁም። «ዳኛው በሕዝብ ፊት አስነግረዋል፤ ሁለት ስንጥቅ የእኛ ነው። ሕግ ሕግ ነው» አሉ። እህቱ ራሷን ያዘች። የባሏ አባት ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ነገር ግን ይህ ሁሉ የት ሊተኛልኝ ነው? እኔ ራሴ ዛሬ ማደሪያ የለኝም!» ብለው በሣቅ ፈነዱ። ያኔ ሁሉም አብሮ ሣቀ።

«አባዬ» አለች ልጁ፣ «ምልክትህን ውሰድ። ለእኔ ዳለቻዋ ትበቃኛለች።»

ዳኛው ተጠርተው መጡና ሁለት ስንጥቅ ወደ ሰውየው መመለሱን አስነገሩ። እሱም ብረቱን ራሱ አጋለ። የዳለቻዋን አንገት በአንድ እጁ አቅፎ ትከሻዋ ላይ ሦስት ነጥብ አደረገ። ላሟ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ሣሯን መጋጥ ቀጠለች። ሰውየው ከእሷ ይልቅ እሱ እንደደነገጠ አይቶ በራሱ ሣቀ። ከዚያ ሌላው ከብት በእልልታ ወንዙን ተሻገረ። የእህቱ አራት ላሞች ከፊት ነበሩ።

ጋሽ ደበሽ ይህን ተናግረው ወደ ትርሲት ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በመዝገቡ የተሸከመው የክፍሉን መለያ ቁጥር ነው። የክፍሉ ስም የተጻፈው ሌላ ሠንጠረዥ ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነው። አንቺ በተማሪው በኩል ወደ ክፍሉ ገባሽና የክፍሉን ስም ‹ሰባተኛ ለ› ብለሽ ቀየርሽው። ስለዚህ በዚያ ቁጥር ያሉ ልጆች ሁሉ የክፍላቸው ስም ተለወጠ፤ የምታዛውሪው ልጅ ግን ከነጓደኞቹ እዚያው ነው ያለው፣ የትም አልሄደም። ፕሮግራሙም እንደ ዳኛው ነው፤ ያሰብሽውን አያውቅም፣ ያልሽውን ይፈጽማል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ የክፍሉን ስም ወደ ‹ሰባተኛ ሀ› መልሺ። ከዚያ እውነተኛውን ሰባተኛ ለ ከመዝገቡ ፈልገሽ አምጪና ለዚያ ልጅ ክፍል አድርገሽ ስጪው፤ አስቀምጪ። የሚለወጠው በእሱ መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ይሆናል። ሃምሳ አንዱ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። አንዱን ልታዛውሪ ስትነሺ፣ እጅሽ እዚያው አንዱ ላይ ይረፍ።»