ጫማ አውልቅ

ከደንገዜ አምባ ወደ ሐሙስ ገበያ በሚወርደው ገደላማ መንገድ አናት ላይ ጫማ አውልቅ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የደረሰ ሰው፣ ሙሽራም ይሁን ነጋዴ፣ ቄስም ይሁን ሼህ፣ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቁልቁለቱን በባዶ እግሩ ይወርዳል። እንግዳ ሰው ቦታው የተቀደሰ ይመስለዋል። ታቦት ያደረበት፣ ወሊ የተቀበረበት ግን አይደለም፤ የእኛ አገር ሰው የሚያወልቀው በሐዘን ነው።

እንደሚነገረው፣ ፊታውራሪ ዳምጤ አምባውን በሚገዙበት ዘመን አረቡ የሚባል መልእክተኛ ነበራቸው። አረቡ ሲሮጥ ከጣቶቹ ሥር ባለው የውስጥ እግሩ ቀድሞ እየረገጠ፣ ጉልበቱን እያላላ፣ እርምጃውን እያሳጠረ ነበርና ኮቴው አይሰማም፤ ማለፉ የሚታወቀው ውሻ ሲጮኽ ነው ይባላል። በቅሎ እንኳ የምትፈራውን ያንን ቁልቁለት፣ የላላውን ድንጋይ ከጠበቀው በእግሩ እየዳሰሰ ሲወርድ አንድ ቀን ተሰናክሎ አያውቅም።

ታናሽ ወንድሙ ሙሄ ሰው ገድለሃል ተብሎ ተፈርዶበት፣ በገበያ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሊሰቀል ታች ታስሮ ነበር። በዚያው ዕለት ጠዋት አምባው ላይ አንድ በሽተኛ ሊሞት ሲያጣጥር «ገዳዩ እኔ ነኝ» ብሎ ተናዘዘ። ፊታውራሪው ለምሕረት ምልክት እንዲሆን የጣታቸውን ቀለበት ለአረቡ ሰጡት። ይህ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን መስጠት የሚወዱ ጌታ ነበሩና፣ ከባሕር ማዶ የመጣላቸውን ተረከዘ ወፍራም የቆዳ ጫማ ጨመሩለት።

«ጌታዬ፣ ስመለስ ላጥልቀው» አለ አረቡ።

«የእኔን ምሕረት የሚያደርስ ሰው እንደ ማንም በባዶ እግሩ አይገባም። አጥልቅ!»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት ዘመን የጌታ ስጦታ አይመለስም፤ ጫማውን ብመልስ ምሕረቱንም ይነሱኛል ብሎ ፈራ። አጠለቀና ሮጠ። ከዓይናቸው ከተሰወረ በኋላ ስለ ምን አላወለቀውም በሚለው ላይ ሽማግሌዎቹ ይለያያሉ። ገሚሶቹ ባለሟል አይቶ ያሳብቅብኛል ብሎ ነው ይላሉ። ገሚሶቹ ግን ጫማው ጥሞት ነው ባዮች ናቸው፤ ሜዳው ላይ እሾህ አልወጋው፣ ጠጠር አልቆረቆረው፣ እርምጃው ረዘመለት፣ ገበያተኛው እንዲህ ሆኖ እንዲያየውም ሳይመኝ አልቀረም። እኔን ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ ሰው ነዋ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ያ የረዘመ እርምጃ ተረከዙን እያስቀደመ ያሳርፈው ጀመር። በረገጠ ቁጥር ምቱ ከጉልበቱ አልፎ ወገቡን መታው፤ የጫማው ሶል ወፍራም ነበርና እግሩ ድንጋዩን መለየት አቃተው። ለስላሳ አለት ላይ ተረከዙ ሸተት አለና ወደቀ፤ ቁርጭምጭሚቱም ተሰበረ። ጫማውን ያወለቀው ያኔ ነው። በቂጡ እየተንፏቀቀ ገበያውን ቁልቁል እያየ «ምሕረት! ምሕረት!» ብሎ ጮኸ፤ የገበያ ጫጫታ ግን ማንን ያሰማል።

ሲደርስ ሙሄ ከገመዱ ወርዶ ነጠላ ተጥሎበት ነበር። አረቡ «ገዳዩ ሌላ ነው፤ ተናዟል» ብሎ ቀለበቱን አሳየ። ገመዱን የሳበው፣ ሙሄ ገደለው የተባለው ሰው አባት፣ ቀለበቱን ሲያይ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ «ወይኔ! ንጹሕ ሰው ነው የገደልኩት» አለ ይባላል። የወንድማማቾቹ እናት ዘሐራ ግን ወደ ቀለበቱም አልዞረች። አብጦ የተላላጠውን የአረቡን እግር በሁለት እጇ ይዛ፣ «ልጄ፣ ይህን እግር ማን አሰረብኝ?» አለችው። ከዚያም ወዲያ አረቡን ሲሮጥ ያየው የለም።

ዛሬ ስፖርተኞች የሚያደርጉት ቀላል ጫማ አገሩን ሞልቶታል። ወጣቶቹም «ይኼ እንደዚያ ጫማ አይደለም» እያሉ ይከራከራሉ፤ ምናልባት እውነታቸውን ነው። ቢሆንም አናቱ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ማሰሪያቸውን ይፈታሉ፤ መልሰው የሚያጠልቁትም ገበያው ዳር ያለውን የሙሄን መቃብር ካለፉ በኋላ ነው። ታች ሆና ልጇን የምትጠብቅ እናትም፣ ልጇ ከላይ ብቅ ሲል ፊቱን ሳታይ እግሩን ታያለች።