ሳሎን ውስጥ የተፈታችው ዶቅዶቄ

ወረታ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ እርዳታ አልፈልግም ብሎ ብቻውን የሚንገላታ ሰው ሲያጋጥማቸው ሰዎች አንድ አባባል ጣል አድርገው ያልፋሉ። እንግዳ ሰው ትርጉሙ ይገባው ይሆናል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም። የመጣው ከልየው ሳሎን ነው።

ልየው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቀኑን በወፍጮ ጩኸት ውስጥ ውሎ፣ ማታ ጭር ወዳለ ቤት ይገባል። ሚስቱ የዝና ሞታ፣ በትውልድ ቀበሌዋ ካለው ቤተ ክርስቲያን ተቀብራለች። ልጅ አልወለዱም። እሑድ እሑድ በአሮጌ ዶቅዶቄው እየሄደ መቃብሯ አጠገብ ተቀምጦ ይመለሳል። ከዚያ ውጪ የሚሄድበት ቤት አልነበረውም። የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ ወዲህ፣ ደጁን ያንኳኳውን ሁሉ “ደኅና ነኝ” እያለ ከበር ይመልሳል። ዕድርተኛው ቢጠራው አይመጣም። የአጥር ጎረቤቱ እትዬ ታንጉት ወጥ ይዛለት ብትመጣ፣ በልቻለሁ ይላታል።

አንድ እሑድ ጠዋት ዶቅዶቄዋ አልነሣ አለች። ረገጣት፤ ደግሞ ረገጣት፤ ማሳል ብቻ ሆነ። ካንዴላውን ነቅሎ ጠረገ። ካርብራተሩን አውርዶ በቤንዚን አጠበ። አሁንስ ተነሣች ሲል ድርግም አለች። መንገድ ማዶ የሚሠራ መካኒክ ሲታገል ሰምቶ መጣና እስቲ ልይልህ ቢለው፣ እኔ ወፍጮ የማስነሣ ሰው ዶቅዶቄ ያቅተኛል ወይ ብሎ አሰናበተው። ሰዓቱ ረፈደ፤ የዝና ጋ ሳይሄድ ቀረ። በንዴት ዶቅዶቄዋን እየገፋ ሳሎን አስገባና ይፈታት ጀመር።

መፍታቱስ አልከበደውም። ብሎኑን ከዳዶው፣ ትልቁን ከትንሹ እየለየ በሟች ሚስቱ ሳህኖች ላይ አስቀመጠ። በመጨረሻም ሞተሩን እንዳለ ከሻንሲው፣ ከዋናው የብረት አካሏ፣ አውርዶ ወለሉ ላይ አጋደመው። የቤንዚኑ ሽታ መኝታ ቤት ድረስ ገባ። እትዬ ታንጉት በበሩ ብቅ ብላ ምን ሆነህ ነው ብትለው፣ ዕቃ እንዳትረግጪብኝ ብሎ መለሳት። ያረጀውን ቀየረ፤ የዛገውን ፋቀ። ያጸዳውን መልሶ ያጸዳል። ለራሱም አይናገረው እንጂ፣ እሑድን የሚገፋበት ሥራ ስለሆነለት ቶሎ እንዲያልቅ አልፈለገም።

መግጠሙ ላይ ሲደርስ ጣጣው መጣ። ሞተሩ በሁለት እጅ ካልያዙት ከቦታው አይደርስም፤ በሁለት እጅ ከያዙት ደግሞ ብሎን የሚያስገባ እጅ አይተርፍም። በጉልበቱ ደገፈው፤ ተንሸራተተ። ድንጋይ ደረደረለት፤ ተናደ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጣሪያው አግዳሚ በገመድ አንጠለጠለው። የሞተሩና የሻንሲው የብሎን ቀዳዳዎች ሊገናኙ ትንሽ ቀራቸው። ትንሽ ዝቅ ላድርገው ብሎ ገመዱን ሲያላላ፣ ሞተሩ ተወርውሮ ወረደና ግራ እጁን ከሻንሲው ጋር ቀረቀረው።

ቀኝ እጁ ብቻውን ሊያነሣው አልቻለም። ተንበርክኮ ቀረ። በውጭ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እየተጨዋወቱ ያልፋሉ። አንድ ቃል ቢወረውር ይሰሙታል፤ ግን ማንን ይጥራ? ደኅና ነኝ ብሎ ከበር የመለሳቸውን? እፍረት ያዘው። ጣቶቹ እየደነዘዙ ሲሄዱ አፉ ሳያስበው ተከፈተ።

“የዝና! የዝና፣ ነይልኝ!”

ምን እንዳለ የገባው ድምፁ ከወጣ በኋላ ነው። በለቅሶው ቀን ያልመጣ እንባ ያን ጊዜ መጣ።

እትዬ ታንጉት ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታጥብ ነበር። የሟች ጎረቤቷን ስም ስትሰማ ክው ብላ ቆመች። ወዲያው ሳሙናውን ጥላ፣ አጥሩን ዞራ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ጎንበስ ብላ ሞተሩን እንደ ሕፃን አቀፈችና ወደ ላይ ሳበችው። እጁ ወጣ። ጣቶቹ አብጠዋል እንጂ አልተሰበሩም።

“የዝናን ጠራሁ” አላት አንገቱን ደፍቶ።

“ሰምቻለሁ። እሷ መምጣት ስለማትችል እኔ መጣሁ።”

ሞተሩን አስቀምጣ ትሄዳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ግን እንዳቀፈችው ቀረች። ብሎኑን አስገባ እንጂ፣ ወገቤ ተቆረጠ እኮ አለችው። ልየው በደኅናው እጁ ረጅሙን ብሎን አንሥቶ ከቀዳዳው ላይ አሳረፈው። እሷ ሞተሩን ወዲህ ወዲያ ስታደርገው ብሎኑ ሰተት ብሎ ገባ። ያን ሁሉ እሑድ ያንከራተተው ነገር ይኸው ነበር። ዳዶውን እያጠበቀ ቀና ብሎ አያት፤ ቀሚሷ በቅባት ጨቅይቷል፤ ግንባሯን በክንዷ ትጠርጋለች።

እትዬ ታንጉት በየሳህኑ ላይ የቀሩትን ብሎኖች አየችና፣ አንድ በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ከዚያም “አየህ ልየው፣” አለችው፣ “ለብቻ የፈቱትን ለብቻ አይገጥሙትም።”