እመት አህዪት ለክዳን ያዋጣችው ሣር

አንድ ጊዜ በአንድ ሸለቆ የሚኖሩ እንስሳትና አራዊት በኮረብታ ላይ የሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን ነበረቻቸው። ቤተ ክርስቲያኗ አንድ የጸና ሕግ ነበራት። የክዳኑ ጠፈጠፍ መሬት ከሚነካበት መስመር ወደ ውስጥ የገባን ማንም አይነካም። ከመስመሩ ውጭ ጅብ ጅብ ነው፣ በግም በግ ናት። ከመስመሩ ወዲህ ግን ሁሉም ምእመን ነው። ስለዚህ ቤት የሌለው፣ የታመመውና አዲስ የወለደችው ሁሉ ክረምቱን የሚያሳልፉት በዚያ ክዳን ሥር ነበር።

ሣር ደግሞ ያረጃል። በየዓመቱ ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር እያንዳንዱ ቤት አንድ ሸክም ረዥም ሰንበሌጥ፣ ከሰንበሌጡም ጋር ከማገሩ የሚታሰርበት አንድ የቆዳ ጠፍር ያዋጣል። ጦጣ ጣራው ላይ ትወጣለች፣ የቀሩት ከታች ያቀብላሉ፣ አባ አንበሳ ይባርካል፤ ክዳኑም ይታደሳል።

እመት አህዪት በዚህ ማኅበር ውስጥ የተከበረች ነበረች። ቀድማ ትደርሳለች፣ ቆይታ ትሄዳለች፣ የደከመውን ሸክም ሳትለመን ትሸከማለች። በዚያ ዓመት ግን በጓሮዋ የከመረችውን ሰንበሌጥ ስታይ ልቧ ተያዘ። በክረምት ሜዳው ጭጋግ ይለብሳል፤ በጭጋግ ለግጦሽ መውጣት ደግሞ ከአያ ጅቦ ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ነው። ክምሩ ሙሉ ከሆነ ግን ከበሯ ሳትርቅ ክረምቱን ትወጣለች። አንድ ሸክም ብታነሳ ክምሩ ጎኑ ይጎድላል። ቆማ አሰበች፣ ዞር ብላ አሰበች። በመጨረሻ ከመኝታዋ ሥር የከረመውን፣ ሽንት የጠጣውንና የሻገተውን ጉዝጓዝ ሰብስባ ሸክም አደረገችው። ከላዩ ከክምሩ የመዘዘችውን ጥቂት ወርቃማ ሰንበሌጥ አለበሰችው። ሲታይ ያማረ ሸክም ሆነ። ለጠፍሩ ግን አልሳሳችም። አዲስ፣ ቅቤ የጠጣ፣ ሰፊ ጠፍር ጨመረችበት፤ አህያ ቆዳ አትበላምና።

በግቢው በር ላይ መዋጮውን የምትቀበለው እመት ቀበሮ ነበረች። እርሷ ራሷ ሣርም ጠፍርም አላመጣችም፤ የእኔ መዋጮ ምክር ነው ብላ ነበር፣ ማንም አልተከራከራትም። አያ ጅቦ ሲደርስ ሁሉም ተገረመ። ሸክሙ ትንሽ ጎጆ ያህላል፣ ሣሩም አንድ የተሰበረ አገዳ የለበትም። ስንቶች በዚያ ቀን በአያ ጅቦ ፊት አፈሩ። እርሱ ግን ምንም አልመሰለውም።

«እኔ ሣር አልበላ፣» አለ፤ «ምን ቸገረኝ?»

ጠፍሩን ግን በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ልሶት፣ ሌላ ጊዜ ነክሶት፣ ኮረብታው ግርጌ ሲደርስ ጨርሶት ነበር። በምትኩ የዛፍ ልጥ ልጦ፣ ጭቃ ቀብቶ፣ ጠፍር አስመስሎ አምጥቷል።

የእመት አህዪት ተራ ሲደርስ ቀበሮ አፍንጫዋን ወደ ሸክሙ ጠጋ አደረገች። አሸተተች። ቀና ብላ አየቻትና ፈገግ አለች።

«ደህና ነው፣ እታለም፣» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከላይ ያማረን ነገር ማን ይፈታዋል?»

አህዪት ሸክሟ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጦጣም በሰሜን በኩል ከአያ ጅቦ ሸክም አጠገብ ስትደለድለው በዓይኗ ተከተለችው። አባ አንበሳ ሲባርክ ስሟን ለይቶ ጠርቶ አመሰገናት። በሌላ ዓመት ቢሆን ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ታች ወደቁ።

ሐምሌ ገባ። በጊት የምትባለው ባሏ የሞተባት በግ መንታ ወልዳ በሰሜኑ በረንዳ ተጠግታ ነበር። አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ የጣለው ዶፍ ክዳኑን በዚያ በኩል ቀደደው። በነጋ ጊዜ ምእመናኑ ተሰብስበው ሲመጡ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ትንሿ ግልገል እየተንቀጠቀጠች አገኟቸው። በጊት አላለቀሰችም። ሌላኛው ማዕዘን በታመሙት ተይዟል፣ ማንንም ከቦታው አላስነሳም አለች። ልጆቿ በእርጥቡ ላይ ሌላ ሌሊት ካደሩ እንደሚሞቱባት፣ ስለዚህ ከገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ይዛቸው እንደምትወርድ ነገረቻቸው።

ከጠፈጠፉ መስመር ውጭ አያ ጅቦ በዝናብ በስብሶ ተቀምጦ ነበር።

«ዋሻው ጥሩ ነው፣» አለ ምራቁን እየዋጠ። «ደረቅ ነው። እኔም ሠፈሩን አውቀዋለሁ።»

አባ አንበሳ ወደ ውስጥ ጠራው። አያ ጅቦ መስመሩን ሲያልፍ አንገቱን ደፋ፤ ምእመን ሆነ። ጦጣ ጣራው ላይ ወጥታ የተፈታውን ማሰሪያ ወረወረችው። እመት ቀበሮ አነሣችና ለሁሉም አሳየች፤ የበሰበሰ ልጥ ነበር።

«የማን እንደሆነ ልናገር ወይስ ራሱ ይናገር?» አለች።

«የኔ ነው፣» አለ አያ ጅቦ ወዲያው። «ጠፍሩን በላሁት። ሣሩ ግን ጥሩ ነበር።»

ሁሉም በአንድ ላይ ነቀፈው። ሆዳም፣ ቤተ ክርስቲያንን የማያፍር ተባለ። አባ አንበሳም ሌላ ጠፍር እንዲያመጣ፣ ጦጣም መልሳ እንድታስረው አዘዘ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ምእመናኑ ወደየቤታቸው መመለስ ጀመሩ።

እመት አህዪት ግን እግሯ አልነሣ አላት። ማሰሪያው ቢጠብቅም ውሃው እንደማይቆም የምታውቀው እርሷ ብቻ ነበረች። ልጡ የፈታው የጅቡን ሣር ነው፤ ውሃ የሚያስገባው ግን አጠገቡ ያለው፣ ከውስጡ የበሰበሰው የእርሷ ሣር ነው። ዝም ብትል ማንም አይደርስባትም። ጥፋቱ ባለቤት አግኝቷል፤ ባለቤቱም ሁሉም የሚጠላው ነው። ዝም ማለት እንዲህ ቀሎ አያውቅም። አንዲት ጠብታ ከላይ ወርዳ በግልገሏ ግንባር ላይ አረፈች። ግልገሏ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቀጣዩንም ጠብታ ጠበቀች።

«አባቴ፣» አለች አህዪት፤ «ማሰር ብቻ አይበቃም። ከጅቡ ሣር አጠገብ ያለው ሸክም የኔ ነው። ከላይ ሰንበሌጥ ነው፣ ከውስጥ የመኝታዬ ጉዝጓዝ።»

ጦጣ እጇን ወደ ክዳኑ ከታ ጥቁር፣ የሚሸት ጭብጥ አወጣች።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው የእናንተ ዘር አይደለች?» አለች ቀበሮ እየሳቀች። «የአያት ነገር አይጠፋም።»

«አይጠፋም፣» አለች አህዪት። «አንቺም አሽትተሽው ነበር።»

ቀበሮ ሳቋን ዋጠች። አባ አንበሳ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ቀበሮን መሰላሉን እንድትይዝ አዘዛት፤ ምክር ዝናብ አይመልስምና። ወደ አህዪት ዞሮ ግን ምንም አላዘዘም። ምን ታደርጊያለሽ ብሎ ብቻ ጠየቃት።

«ከክምሬ አመጣለሁ፣» አለች። «ከጎኑ ሳይሆን ከመሀሉ።»

አህዪትና ጅብ ያን ቀን አብረው ወረዱ፤ አብረውም ተመለሱ። አህዪት ሣሩን የሚጭንላት ስላልነበረ በጥርሷ ነክሳ ያዘችው። ሽታው አፍንጫዋን ሞላው፣ ምላሷ ሥር ውሃ ቋጠረ። አንድ ጊዜ ብቻ ብታላምጥ ማን ያያታል? አላላመጠችም። አያ ጅቦም ከጉድጓዱ ያወጣውን የደረቀ ጠፍር በአፉ ይዞ ከጎኗ ያነክሳል። መስመሩ ገና ሩቅ ነበር፤ ጭጋጉም ወፍራም ነው። ጅቡ የአህዪትን ታፋ አየ፣ አፉ ውስጥ ያለውን ጠፍር አሰበ። ታፋውን ለመንከስ ጠፍሩን መጣል አለበት፤ ጠፍሩን ላለመጣል ታፋውን መተው አለበት። ያለው አንድ አፍ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ሐሳብ በሕይወቱ አስቦ አያውቅምና መንገዱን ሙሉ እያቃሰተ ሄደ። አህዪትም ማቃሰቱን እየሰማች፣ ጥርሷን ሳትፈታ ሄደች።

በር ላይ ሲደርሱ ጠፍሩ ከተነሣበት አጠር ብሎ ነበር። አባ አንበሳ ቅንድቡን አነሣ።

«መንገዱ ረዥም ነው፣ አባቴ፣» አለ ጅቡ አንገቱን ደፍቶ። «ግን ይበቃል። ለክቻለሁ።»

በቃ። ቀበሮ መሰላሉን ያዘች፣ ጦጣ ወጣች። የበሰበሰው ተነቅሎ ወርዶ ወርቃማው ሰንበሌጥ ገባ፣ ጠፍሩም ጠበቀ። አንዱ ጉዞ ስላልበቃ አህዪት ደጋግማ ተመላለሰች። በዚያ ክረምት ክምሯ መሀሉ ጎድጉዶ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በጭጋግ ለግጦሽ መውጣት ግድ ሆነባት። እየፈራች ወጣች፤ ፍርሃቱ አልተዋትም።

ክዳኑ በታደሰበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደገና ወረደ። እመት አህዪት ሆዷ ባዶ፣ ከንፈሯ በሣር የተላጠ፣ በሰሜኑ በረንዳ ቆማ ወደ ላይ አንጋጠጠች። ውሃው በክዳኑ ላይ ይንሿሿል፤ ወደ ውስጥ ግን የሚወርድ አልነበረም። በጊት ትንሿን ግልገል ወደ ደረቁ መሬት አሳለፈቻት፤ አህዪትም አጠገባቸው እንድትተኛ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

ከዚህ የምንማረው ለቤተ እግዚአብሔርም ሆነ ለወገን የሰጠነው የሚታወቀው እኛ በማንፈልገው ብዛት ሳይሆን ራሳችን ልንውጠው ከቃጣንበት አፋችን ባወጣነው መሆኑን፣ በድብቅ ያጎደልነውም ውሎ አድሮ መጠጊያ በሌለው ራስ ላይ እንደሚንጠባጠብ ነው።