የበጊቱ ወይን

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ እናንተም ትልልቆቹ ወሬያችሁን ትታችሁ ጆሯችሁን አውሱኝ። እንስሳት እንደ ሰው እርሻ በነበራቸው በጥንት ዘመን፣ ከባሕር ማዶ፣ ጣልያን በሚሉት አገር የሆነ ነገር ነው።

በዚያ አገር ኮረብታው ብዙ ነው፤ የወይኑም ዓይነት እንደ ኮረብታው ብዙ ነበር። አንዱ ጉም ሲወርድበት ይበስላል። አንዱ እሳት በሚተፋ ተራራ አመድ ላይ ያፈራል። አንዱ ደግሞ የባሕር ነፋስ ካልነካው አይጥምም። ሁሉም በተወለደበት አፈር ያምራል።

በሦስት ኮረብታዎች ላይ ሦስት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር፦ እመት ቀበሮ፣ እመት በጊቱና አቶ ድንቢጥ። የቀበሮ ወይን ዘለላው ረጅምና ቢጫ፣ ልክ እንደ ጭራዋ የተንዠረገገ ነው። የድንቢጥ ፍሬው ደቃቅ ነው፤ ግን አንዷ ፍሬ በጣዕሟ አፍ ትሞላለች። የበጊቱ ወይን ከሁሉ ከፍ ባለው ብርዳም ኮረብታ ላይ ይበቅላል፤ የሚያፈራውም ጥቂት ነው።

በየዓመቱ ለቀማው ሲያልቅ ወይን ጠጃቸውን በማሰሮ ይዘው ከአንድ ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። ኦሬስቴ የሚባል ሽማግሌ መንገደኛም ዋንጫውን ታጥቆ ከሩቅ ይመጣል። ማሰሮው ሲከፈት ሁሉም «የእኔን ቅመሱልኝ፣ የእናንተን አቅምሱኝ» ይባባላሉ።

ታዲያ እመት ቀበሮ የበጊቱን ወይን ጠጅ በቀመሰች ቁጥር ልቧ እንደ ቅቤ ይቀልጥ ነበር። ግን ምቀኝነት ክፉ ነው፤ አፏን ጠረግ አድርጋ «ይጠጣል» ብቻ ትላለች። በጊቱ ዞር ስትል ደግማ ትቀዳለች። በዓመቱም እንዲሁ፤ «የእኔን ቅመሱልኝ» ስትባል፣ «ይጠጣል»።

አንድ ዓመት ሽማግሌው ሲሄድ፣ ማንም ያላየው መስሎት፣ ከበጊቱ ማሰሮ በቅሉ ሞልቶ ለመንገዱ ያዘ። ቀበሮ ግን አየች። ከእሷ ማሰሮ አልቀዳም።

በማግስቱ ወደ በጊቱ ኮረብታ ወጣች።

«እህቴ በጊቱ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንዳትቀየሚኝ።»

«ምነው፣ በደህና?»

«ይሄ ወይንሽ ነው የሚያሳዝነኝ። ዓመት ሙሉ ኮትኩተሽ የምታገኚው አንዲት ማሰሮ! እንግዳው ራሱ የሚጠጣልሽ ለይሉኝታ ነው።»

በጊቱ አቀረቀረች። «እኔ እኮ የምትወዱት መስሎኝ ነበር። አንቺስ አትወጂውም?»

እዚህ ላይ እውነቱ ከቀበሮ ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። «ነቅለሽ ጣይው። ከእኔ ሐረግ ቆርጬ እሰጥሻለሁ፤ ዘለላው እንደ ጭራዬ ይንዠረገግልሻል» አለቻት።

በጊቱ የዋህ ናት፤ አመነቻት። ሐረጉን የተከሉት አያቷ ነበሩና ሥሩ ጠልቆ አልወጣ አለ። እያለቀሰች ነቀለችው።

ቀበሮ ከዚያ ወርዳ ድንቢጥ ዘንድ ሄደች። «አቶ ድንቢጥ፣ በፍሬህ ማነስ አገሩ ሁሉ ይስቅብሃል።»

«በእኔ? ማን ነው የሚስቀው?» ብሎ ላባውን ነፋ። ክብሩን ከወይኑ አብልጦ ይወድ ነበርና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነቅሎ ጨረሰ።

ሁለቱም የቀበሮን ሐረግ ተከሉ። እስኪያፈራ ዓመታት አለፉ፤ ሦስቱም ኮረብታዎች ቢጫ በቢጫ ሆኑ። ቀበሮ ደስታዋን አልቻለችውም። ለቀማው አልቆ ከወይራው ሥር ተሰበሰቡና «የእኔን ቅመሱልኝ፣ የእናንተን አቅምሱኝ» ተባባሉ። የመጀመሪያውን ቀመሱ። ሁለተኛውን ቀመሱ፤ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው። ጨዋታው ጠፋ።

ሽማግሌው ኦሬስቴ ዋንጫውን አስቀመጠና «የበጊቱስ የታለ?» አለ።

«ይኸው፣ የጠጡት እኮ ነው አባባ።»

«ይሄማ የቀበሮ ነው። የድሮውን ነው የምልሽ።»

«ነቀልኩት።»

ሽማግሌው «እኔስ ያን ሁሉ ተራራ የምሻገረው ለእሱ ነበር» አለና ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። በጊቱ ዞራ ቀበሮን አየቻት፤ ቀበሮ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ቀጥሎ ዋግ መጣ። በሽታው መጀመሪያ የቀበሮን ወይን መታ። ወይኑ ሁሉ አንድ ዘር ነውና ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ሲሻገር የሚያቆመው አላገኘም። ሦስቱም ኮረብታዎች ተራቆቱ። ድንቢጥ አገር ጥሎ በረረ።

እመት ቀበሮ ብቻዋን ስትብሰለሰል ከርማ አንድ ቀን ወደ በጊቱ ወጣች። በጊቱ አርጅታ ደጇ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን እግር ጣለሽ?»

«ከድሮው ወይንሽ የቀረ ሥር ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው።»

«በዚያው ክረምት አነደድኩት። ብርዱ ከባድ ነበር።»

ቀበሮ አጠገቧ ቁጭ አለች። «በጊቱ፣ ወይንሽ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።»

በጊቱ «የዚያን ዕለት ስጠይቅሽ ይህችን ብትዪኝ ኖሮ፣ እንኳን እኔ፣ ልጆቼም አይነቅሉት ነበር» አለች። ቀጥላም፣ «አሁንማ ጣዕሙም ጠፋብኝ። ለእንግዳ ይትረፍ እያልኩ እኔ ብዙም አልጠጣሁት። አብልጠሽ የጠጣሽው አንቺ ነሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ምን ይል ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

ስንቱን ያሳመነ የቀበሮ ምላስ ተሳሰረ። «ዝናብ የመታው ጦስኝ… አይ፣ እሱ አይደለም። ማር… ማርም አይደለም…» እያለች ጀመረች፤ ተወች፤ እንደገና ጀመረች። አልመጣላትም። እንባዋ ቀደማት።

በጊቱ አልሰደበቻትም፤ ሂጂልኝም አላለቻትም። እንግዳ በደረቅ ጉሮሮ አይሸኝም ብላ እያነከሰች ገባችና በዋንጫ ውሃ ቀድታ አመጣችላት። ሌላ ምን አላት? ቀበሮም ተቀብላ ጠጣች።

እኔ የሰማሁት ይህን ነው ልጆቼ። ለዚህ ነው የዱሮ ሰዎች እንዲህ የሚሉት፦ ሲኖር ያላመሰገኑት፣ ሲጠፋ በእንባ ቢያጠጡት አይበቅልም።