የሼህ ጀውሃር ነጭ አበባ

አላህ ይዘንላቸውና፣ ሼህ ጀውሃር የሚባሉ አዛውንት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ቁርኣን እያስቀሩ፣ ልጆች እያስተማሩ ይኖሩ ነበር። በግቢያቸው ሟች ባለቤታቸው የተከለቻት ነጭ አበባ ነበረች። በበጋ ቅጠሏ ይደርቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ሽንኩርት ከመሰለው ሥሯ ዳግም ትበቅላለች። ሼሁ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት መልስ አጠገቧ ተቀምጠው ለሟቿ ዱዓ ማድረግ ልማዳቸው ነበር።

አንድ ክረምት ራሷን ክፉኛ ሲያማት የከረመች ጎረቤታቸው አበባዋን አሽትታ ተሻላት። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ የሼሁ አበባ ሺፋ አላት፣ ትፈውሳለች ተባለ። ማር የያዘ፣ በግ የሚጎትት ሰው ደጃቸውን ሞላው። ሼሁ ሺፋ ከአላህ እንጂ ከአበባ እንዳልሆነ ቢናገሩም፣ ሰው ከትሕትናቸው ቆጠረው። የመስጂዱ ኃላፊ ሐጂ ቡሽራም ጣሪያው እያፈሰሰ መሆኑን አስታውሰው፣ ስጦታውን ለመስጂዱ ቢቀበሉ ምን ክፋት አለው ሲሉ መከሯቸው። ሼሁ እስቲ ላስብበት አሉ።

በዚያው ሰሞን ኢድሪስ የተባለ ገበሬ ሴት ልጁን አዝሎ መጣ። ሰውነቷ በወባ ይነዳል። ሼሁ ለሐኪም አሳይቷት እንደሆነ ጠየቁት።

«በደጁ አልፌ ነው የመጣሁ» አለ። «የአንቱ አበባ እያለች ሐኪም ምን ያደርግልኛል ብዬ።»

የሼሁ ፊት ተለወጠ። ምርኩዛቸውን አንስተው አባትየውን ወደ ሐኪሙ ወሰዱት። ልጅቱ መድኃኒት ወስዳ ዓይኗን እስክትገልጥ ከራስጌዋ ሳይነሱ ዱዓ አደረጉ። ሐኪሙ ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር አላቸው።

የጁምዓ ለት ከሶላት በኋላ ሰዉን ወደ ግቢያቸው ጠሩ። ዶማ ይዘው አበባዋን ከነሥሯ ነቀሉ። በዓመታት ብዛት የተራባውን ሥር እየለያዩ ለየቤቱ አደሉ፤ ለራሳቸው ምንም አላስቀሩም።

ሐጂ ቡሽራ አዝነው፣ «በባለቤትዎ መታሰቢያ እንዴት ጨከኑ?» አሏቸው።

«በእኔ ደጅ ብቻ ሳለች ከጌታቸው ጋረደቻቸው» አሉ ሼሁ። «በየደጃቸው ስትበቅል አበባ ብቻ ትሆናለች።»

እንዳሉትም ሆነ። በቀጣዩ ክረምት ከተማው በነጭ አበባ ተሸፈነ፤ ሺፋ ፍለጋ የሼሁን ደጅ የረገጠ ግን አልነበረም።

ወገኖቼ፣ ሼሁ ቀድሞም አልዋሹም ነበር። ዝም ብለው ቢቀመጡ የሚወቅሳቸው ሰው አልነበረም፤ ጣሪያውም ይታደስ ነበር። እሳቸው ግን ሰው በስሕተት የሰጣቸውን የአላህን ክብር እንደ አማና፣ እንደ አደራ ዕቃ አዩት። አማና ደግሞ የቱንም ያህል ቢወዱት ለባለቤቱ ይመለሳል።