የወይዘሮ ደብሪቱ ሦስት እንግዶች

ነገሩ ሁሉ አማረ፣ አለቀ ደቀቀ ሲባል ያልታሰበ ጣጣ ብቅ ሲል ሰው ራሱን እየነቀነቀ የሚላት አንዲት አባባል አለች። አንዳንዱ ከበሬ ነው የመጣችው ይላል፤ አንዳንዱ ከአህያ ነው እያለ ይከራከራል። ዝም ብለው ነው። የመጣችው ከድመት ነው፤ ያውም ጭብጥ ከማይሞሉ ሦስት ግልገሎች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው አግብተው ሄደው፣ ከአንዲት ድመት ጋር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እንግዳ በማብላት አገር ያውቃቸዋል። ቤታቸው የገባ ሰው "በቃኝ" ቢል አይሰሙም፤ በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያሉ ያጎርሱታል። ከእሳቸው ቤት መቀነቱን ሳያላላ የወጣ የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ድመቲቱን የመንደር ውሻ ገደላት። ከእህል ጎታው ሥር ዓይናቸው እንኳ ያልተገለጠ ሦስት ግልገሎች ሲንጫጩ ተገኙ። ወይዘሮ ደብሪቱ አለቀሱ። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ግልገሎቹን ጥጥ በተነጠፈበት ሰፌድ ላይ አስተኙና፣ አያ ጎሹ ከሚባለው ባለ ፍየል ጎረቤታቸው ወተት አስመጡ። ወተቱን ለብ አድርገው፣ ጥጥ እየነከሩ በየአፋቸው ጠብ ጠብ አደረጉላቸው።

ግልገሎቹ ጠጥተው ተኙ። ነቅተው ጮኹ። ራባቸው ተብሎ እንደገና ጠጡ፤ እንደገናም ጮኹ። ወይዘሮ ደብሪቱ የሚያውቁት መድኃኒት አንድ ብቻ ነበርና "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያሉ ጠብታውን ደራረቡት። በማግስቱ የግልገሎቹ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ጩኸታቸውም ወደ ማቃሰት ወረደ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሰፌዱን ታቅፈው ተቀመጡ። እነዚህ ከሞቱ እዚያ ቤት ውስጥ ከእሳቸው በቀር የሚተነፍስ ነገር አይኖርም።

አለቃ ቢተው ተጠሩ። አለቃ የሰውንም የከብትንም በሽታ ፊት አይቼ አውቃለሁ የሚሉ መድኃኒተኛ ናቸው፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ቢመጣ እንኳ ምላስህን አውጣ ነው የሚሉት። ለበዓል ብቻ የሚለብሱትን ነጭ ጋቢ ተከናንበው መጡ። ግልገሎቹን ጉልበታቸው ላይ ደረደሩና አፍ አፋቸውን እየፈለቀቁ መመርመር ጀመሩ። ዓይናቸው አለመገለጡ የዓይነ ጥላ ነው አሉ። የአንደኛው ጢም ተጣሟል አሉ። ጥርስ አለማብቀላቸውንም እንደ ክፉ ምልክት ቆጠሩት።

ወተት ይዞ የመጣው አያ ጎሹ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። በዚያኛው በኩልም ቢያዩዋቸው ሲል በትሕትና ጠየቀ። አለቃ ሳቁበት፤ ፍየል ጠባቂ ስለ ሕክምና ምን ያውቃል ብለው፣ ሕመም ሁሉ ከፊት እንደሚነበብ ረዘም አድርገው አስረዱት። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ዞረው ፈረዱ።

"እነዚህ የራባቸው ናቸው። ወተት ይጨመርላቸው።"

አያ ጎሹ ትዕግሥቱ አለቀ። "እመቤቴ፣ አንዲት ጠብታ ቢጨምሩ ይፈነዳሉ። እናት ማጥባት ብቻ አይደለም ሥራዋ፤ ከኋላ ትልሳቸዋለች። ካልተላሱ መሽናት አያውቁበትም" አለ። ይህን ብሎ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነከረና፣ አለቃ እምቢ ለማለት አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ጉልበታቸው ላይ የተደረደሩትን ግልገሎች ከጅራታቸው ሥር ቀስ አድርጎ ያሻቸው ጀመር።

መጀመሪያ አንዱ ለቀቀው። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛውማ የአለቃን ጋቢ አልፎ ሱሪያቸው ደረሰ። ሽንት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የግልገሎቹ ሆድ ረገበ፤ ማቃሰታቸው ቆመ፤ እዚያው በሞቀው ጋቢ ላይ ተጠቅልለው አንቀላፉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከደስታቸው ብዛት እልል ሊሉ ነበር፤ እንዳይቀሰቅሷቸው ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አለቃንም እንዳይነሱ በምልክት ለመኗቸው።

አለቃ ቢተው እርጥብ እጃቸውን ወደ ላይ እንደዘረጉ ቀሩ። "ፊታቸው ላይ እኮ ምንም አልነበረም። ይህ ሁሉ ጉድ ከየት መጣ?" አሉ።

አያ ጎሹ ጨርቁን እየጨመቀ፣ "አለቃ፣ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው" አላቸው።