ከሻጋታው መሐል የተረፈችው

አንዲት ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። የእናቷ ሙት ዓመት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እናቷ ትተውላት የሄዱትን የዳቦ እርሾ ከፈተችው። እርሾው ከላይ እስከ ታች ሻግቷል።

ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ መጥተው አዩት። «በይ ድፊው ልጄ፤ እርሾ እንደሆነ ከእኔ ቤት ትወስጃለሽ» አሏት።

«የእማዬን ሙት ዓመት በሰው እርሾ አልጋግርም» አለች።

ግትር ናት! መጀመሪያ ግን እንደ እኛው ቸኮለች። ሻጋታውን ገፈፍ አድርጋ፣ ከሥሩ በማንኪያ ዛቅ አድርጋ አዲስ ዱቄት አቦካችበት። እሱም ሻገተ። ለካ ብዙ ስትወስድ ሻጋታውንም አብራ ነው የወሰደችው። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ የድሮ ትምህርቷ ትዝ አላት። የድንች ውሃ በስኳርና ፈሳሽ በሚያረጋው ጄላቲን አርግታ ክዳን ባለው ሳህን ላይ አፈሰሰች። መርፌ በእሳት አግላ አቀዘቀዘች፤ በጫፉ እርሾውን ነካ አድርጋ በረጋው ላይ አሰመረች። የቀረበት እርሾ እንዲቃጠል መርፌውን እንደገና አጋለች፤ ከመስመሩ ጫፍ ተነስታ ሌላ አሰመረች። ደግሞ አጋለች፣ ደግሞ አሰመረች። እርሾው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ሕዋሶቹ አንድ በአንድ ተራርቀው ቀሩ። አንዲትን ሕዋስ ዓይን አያያትም። እሷም አላየችም። ከድናው ጠበቀች።

በሦስተኛው ቀን ከፈተችው። መጀመሪያው መስመር ላይ ያው ሻጋታ ነው። መጨረሻው ላይ ግን የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ወገኖቼ፣ ያቺ ነጥብ ከአንዲት ሕዋስ የተወለደች ናት! ያን ሁሉ ጊዜ በሻጋታ መሐል ሆና በሕይወት ነበረች። እግዚአብሔር በማይታይ ነገር ውስጥ ስንት ሕይወት ነው ያስቀመጠው?

ነጥቧን በስኳር ውሃ አሳደገቻት፤ ከዚያም ዱቄት አቦካችባት። በሙት ዓመቱ ቀን ድፎው ተቆረሰ። እትዬ ደብሪቱ ቀመሱት። «የእናትሽ እጅ ነው» አሉ።

እናንተስ? «ተበላሽቷል» ብላችሁ የደፋችሁት ሰው የለም? መጠጥ የወሰደው ወንድም? ከቤት ወጥታ የቀረች ልጅ? «ከእሱ ምን ይወጣል» አላላችሁም? እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም። የሻገተውንማ ሁላችንም እናያለን። ያልሞተውን ማን አየው? እናንተን ራሳችሁን ጌታ ከስንቱ መሐል ለይቶ እንዳወጣችሁ ረሳችሁት?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ምሳ አይቅደም። መጀመሪያ ሄዳችሁ የዚያን ሰው በር አንኳኩ።